ኩሬው ወደ እኔ ይምጣ

ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለሎጋው፤

ይህን ብዕር የያዘችው የወፍጮ ቤቷ ሚዛን ያዥ ናት። እጁ የሷ ነው፣ አፉ የኔ ነው። እኔን የማይመስል ቃል ካጋጠመህ እሷ የጨመረችው ነውና አትመነው። አሁን ይህን ስላት እየሳቀች ነው፤ ሳቅሽን እንዳትጽፊው ብያታለሁ።

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ፤ ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይጠብቅህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ሳንበረክከው ኖሬ አሁን ቂሙን እየተወጣብኝ ነው። ለምን ስልክ አትደውልም እንዳትለኝ። ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይሰማም፤ እንደ ምንም ብዬ ብወጣም «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን ይቋረጣል። ወረቀት አይቋረጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ከድንጋይ ከሰል መብራት የሚያወጣ ትልቅ ጣቢያ ሊቆም ነው። ከሰሉ ከተራራው ጀርባ ተቆፍሮ በመኪና ይመጣል፤ እዚህ ይነዳል፤ እንፋሎቱ ማሽን ያዞራል፤ ከማሽኑ መብራት ይወጣል አሉን። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡን። ከፕሮጀክቱ የመጣው አስረጂ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ነው። አንድ ሰፊ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ስላስቸገረው አራቱን ጥግ በአራት የሻይ ብርጭቆ አስያዘው። ግራጫው ጣቢያው ነው፣ ቀዩ መንገዱ ነው አለን። ወደ ጥጉ ግን አንድ የሚያምር ሰማያዊ አየሁ።

«ይሄ ሰማያዊው ምንድነው?» አልኩት።

«ኩሬ ነው አባት።»

«ትልቅ ነው?»

«በጣም! ሃያ አምስት ዓመት እንዲያገለግል ነው የታሰበው።»

«ውሃ አለው?»

«አለው እንጂ፤ ከጣቢያው በቱቦ ሌት ተቀን ይገባበታል።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል? ኩሬው ከሁለት ቦታ በአንዱ ይሆናል ተባለ፤ ወይ የኛ ረባዳ ላይ፣ ወይ ከጎናችን ባለው የአናጢው መሬት ላይ። አናጢው፣ የሟች ሚስቴ ወንድም፣ እጁን ለማውጣት የቀደመው የለም። «የኔ መሬት ዝቅ ይላል፣ ለኔ ይሁን» አለ። እኔም ተነሳሁ።

«አንተ ስለ ዝቅታ ምን ታውቃለህ? ዕድሜህን ሙሉ ጣሪያ ላይ የኖርክ ሰውዬ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልጨረስኩም። «ከዚህ ረባዳ በታች ያሉትን አሥራ ዘጠኝ ጉድጓዶች በዚህ እጄ ቆፍሬያለሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ውጭ አገር፣ ልክ እንዲህ ባለ ጣቢያ ውስጥ፣ የውሃ ክፍል ኃላፊ ነው። ውሃ በዘራችን ነው። ኩሬው ወደ እኔ ይምጣ!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

አስረጂው «እርግጠኛ ነዎት አባት?» አለኝ። «ከዚህ በላይ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም» አልኩት። ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ወረቀቱ ላይ «በራሳቸው ጥያቄ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት።

አንድ ነገር ቀረ። የረባዳው ግማሽ የእናትህ ድርሻ ስለሆነ ያንተ የስምምነት ወረቀት ያስፈልጋል። እስከ የካቲት ሠላሳ ካልደረሰ ኩሬው ለአናጢው ይሰጣል። ስለዚህ ፈርመህ ላክ። ደግሞም አንተ የውሃ ሰው ነህና፣ በእንዲህ ያለ ኩሬ ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚስማማው ጠይቅልኝ። አንድ ጥሩ መረብም ላክልኝ።

አጎትህ


ኅዳር 21 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። ጤናዎ እንዲመለስ፣ ጉልበትዎም ቂሙን እንዲተውልዎ ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ፈረቃዬ ወደ ማለዳ ስለተቀየረብኝ መልሱ ዘገየ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአዳራሹ የተናገሩትን ሳነብ ድምፅዎን የሰማሁ መሰለኝ።

መረቡን በተመለከተ፣ ለጊዜው ይቆይ። በጣቢያ ኩሬ ዓሣ ማርባት የተለመደ አይደለም። ወረቀቱንም ቢሆን ለመፈረም አንቸኩል፤ ገና ጊዜ አለ።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ካርታው ላይ ከሰማያዊው አጠገብ የተጻፈ ነገር ነበር? አስረጂው ኩሬ ብቻ ነው ያለው ወይስ ሌላ ቃል አስከትሏል? ከተቻለ ያስጠይቁልኝ።

የሚወድዎት የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለሎጋው፤

እጁ አሁንም የሚዛን ያዧ ነው። ዛሬ ዱቄት ስላለበት ወረቀቱ ነጭ በነጭ ቢሆንብህ አራግፈው።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ፈጠን ያለ እጅ ይስጥህ። ሁለት ወር ጠብቄ የመጣልኝ ጥያቄ ነው። መረብ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ዓሣ የለም፤ «የተጻፈ ነገር ነበር?» ብቻ። ማንን ነው የምትጠይቀው? ፊደል ለኔ ሰልፍ የወጣ ጉንዳን ነው።

ሚዛን ያዧም ስብሰባው ላይ ነበረች። ለወፍጮው መብራት ትፈልጋለች፤ በናፍጣ መፍጨት ሆዷን አቁስሎታል። ከሰማያዊው ሥር ሁለት ቃል ተጽፎ ነበር ትላለች። ኋለኛው «ኩሬ» ነው። ፊተኛው ላይ ግን አንዱ ብርጭቆ ተቀምጦበት አላየችውም። ብርጭቆውን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ሻይ ነበረበታ።

እና ምን ይሁን? «ትልቅ ኩሬ» ይሆናል። «ሰማያዊ ኩሬ» ይሆናል። አንድ ቃል አይቶ የሚደነግጥ የውሃ ሰው ከየት መጣብኝ?

አናጢው ሰላምታ ነስቶኛል። ትናንት ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ ለኔ ሳይሆን ለጆንያው እንደሚናገር ሰው፣ «የዘመድ ወረቀት ሲዘገይ ዘመዱ እንደተወራለት አይደለም ማለት ነው» አለ።

«ምን አልክ?» አልኩት።

«ለጆንያው ነው።»

«ጆንያው ከአንተ ይሻላል፤ ሲሞላ ዝም ይላል» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን እዚያው የሳቅኩትን ሳቅ እቤቴ ስደርስ አጣሁት።

ስለዚህ መረቡ ይቅር። ወረቀቱን ላክ። ሲሆን ሲሆን በውሃ ክፍሉ ማኅተም ይሁን። ኃላፊ ማኅተም የለውም እንዴ? ማኅተሙን ሳሳየው ያ ሰውዬ ከጣሪያ ይውረድ።

አጎትህ


ጥር 5 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ በርትቷል።

ለጉልበትዎ የሚሆን የሚለጠጥ ማሰሪያ ልኬያለሁ። ጠዋት ሲነሱ ያጥልቁት፤ ማታ ያውልቁት።

ወረቀቱ እዚህ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ስለሚያስፈልገው ጥቂት ይቆያል። ማኅተሙን በሚመለከት በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ኩሬው የሚሆንበት ቦታ ከጉድጓዶቹ ስንት እርምጃ ይርቃል? ደግሞ ከላይ ነው ከታች?

የእህትዎ ልጅ


ጥር 22 ቀን

ለሎጋው፤

ሚዛን ያዧ ናት የምትጽፈው። ዛሬ አጭር ነው፤ ወፍጮው ጋ ሰው ይጠብቃታል።

ሰላም ለአንተ ይሁን። የጉልበት ማሰሪያው ደረሰ። ልኬ ነው። የጠየቅኩህ ግን ጉልበት አይደለም።

ኩሬው ከላይ ነው። ጉድጓዶቹ ከታች ናቸው። ቅርቡ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ሩቁ አንድ ሺህ አይሞላም። የአናጢው መሬትም እንደዚያው ነው። ከኛ ጎን ለጎን ስለሆነ ከሁለቱም ቢፈስ የሚወርደው እዚያው ነው። አፈሩ ላዩ ጥቁር፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ ከሥሩ ጠጠር ነው። አሸዋው ላይ የወደቀ ውሃ ጠጠሩን ይዞ ይወርዳል እንጂ አይቀመጥም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን አንተ ተናገር። ስለ ዓሣ ስጠይቀው ስለ ፊደል፣ ስለ ማኅተም ስጠይቀው ስለ ርቀት የሚመልስልኝ ሰው አንድ የደበቀኝ ነገር አለ። ኩሬና ጉድጓድ ስንት ይራራቃሉ ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ ስለ ዓሣ አያስብም። የካቲት ሠላሳ እየደረሰ ነው። በኔ የምታፍር ከሆነ እፈርብኝ፣ ነገር ግን ንገረኝ።

አጎትህ


የካቲት 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚጓዝ የሥራ ባልደረባዬ ሰጥቻለሁ፤ በፖስታ ቢላክ ቀኑ እንዳያልፍ ፈርቼ ነው። ለሚያነቡልዎት እመቤት አንድ ልመና አለኝ፦ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው። የሚከብድ ቦታ ቢያገኙ አይዝለሉት።

እኔ የማንም ኃላፊ አይደለሁም። እንዲያውም በጣቢያው ውስጥ የውሃ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ከሰባት ዓመት በፊት «ውሃ ክፍል ገባሁ» ብዬ የጻፍኩት የውሃ ቦቴ መኪና ስለምነዳ ነው። ውሸት ነው እንዳይባል ውሃ የምትል ቃል አስገባሁበት። እናቴ በሕይወት ስለነበረች ደስ እንዲላት ነበር። ከዚያ በኋላ ለማረም የሚመች ቀን አጣሁ።

የምነዳው ቦቴ ውሃ የሚያጠጣው አመድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሰሉ ሲነድ አመድ ይቀራል፤ በየቀኑ በብዙ መኪና የሚቆጠር አመድ። አመዱን ከውሃ ጋር አቅጥነው በቱቦ ይገፉታል። የሚገፉት ወደ ኩሬው ነው። ብርጭቆው የሸፈነው ቃል «የአመድ» የሚል መሆን አለበት። የአመድ ኩሬ ነው ጋሼ። አስረጂው የነገረዎት ሁሉ እውነት ነው። ትልቅ ነው፤ ውሃ ሌት ተቀን ይገባበታል፤ ሃያ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ምክንያቱም ለመሙላት ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል።

ውሃው ቀስ ብሎ ይንጠፈጠፋል፤ አመዱ ይረጋል። ከሩቅ ሲያዩት፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ሐይቅ ይመስላል። ወፎች ሳይቀሩ ይሳሳታሉ። ላዩ ሲደርቅ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ይሰነጣጠቃል፤ ሰው የሚቆምበት ይመስላል፤ ግን አይሸከምም። የዘበኛው ውሻ ገብቶ በዓይናችን እያየነው ጠፋ። ነፋስ ሲነሳ የደረቀው እንደ ዱቄት ስለሚበን፣ እኔ በቀን ስድስት ጊዜ ዙሪያውን እየነዳሁ ውሃ እረጫለሁ። ምሳዬን የምበላው የመኪናውን መስኮት ዘግቼ ነው። ልብሴን ከሰው ልብስ ጋር አላጥብም።

ከኩሬው በታች አንድ ሰፈር ነበር። የሰዎቹ ጉድጓድ ተመርምሮ አይጠጣም ተባለ። የጉድጓዶቹን አፍ በብረት ክዳን ሸፍነው በየዱት። ብየዳው ሲካሄድ ውሃ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እሳት እንዳይነሳ። አንዲት አሮጊት ከበሯ ላይ ቆማ ብየዳው እስኪያልቅ አየች፤ ከዚያ ባልዲዋን አንስታ ገባች። ሰፈሩ ዛሬ ሰው የለበትም።

ጣቢያው በሚቀጥለው ዓመት ይዘጋል። ከሰል አንፈልግም ብለው ወስነዋል። ጓደኞቼ ሥራ ሊለቁ ነው። እኔ ግን አልለቅም፤ ጣቢያው ቢዘጋም አመዱን የሚያጠጣ ሰው ያስፈልጋል። አለቃዬን እስከ መቼ ብዬ ስጠይቀው «አንተ ጡረታ እስክትወጣ ሥራ አለህ» አለኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው።

የጠየቁኝን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ፈርሜበታለሁ። የሚለው ግን አልስማማም ነው። አራት ወር የዘገየሁት ኩሬውን ለማስረዳት ሥራዬን መናገር ስለነበረብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 24 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለሎጋው፤

እጁ የሚዛን ያዧ ነው። ዛሬ ወፍጮው ተዘግቷል፤ ጊዜ አለን።

ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን፤ መሪውን የያዘው እጅህ አይዛል። ደብዳቤህ ከስምንት ቀን በፊት ደረሰ። ሚዛን ያዧ መጀመሪያ ለራሷ በዓይኗ አነበበችው። ፊቷን ሳየው ከንፈሯ ቆሟል።

«አንብቢ እንጂ!» አልኳት።

«ደግ ነገር አይደለም።»

«ደግ ነገር ለማንበብማ አንቺን ምን አስፈለገኝ?»

አነበበችው። ምንም አልዘለለችም። ስትጨርስ ተቆጣሁ፤ ምን እንዳልኩህ ግን አትጽፈውም፣ እኔም ደግሜ አልለውም። ስበርድ የድሮ ደብዳቤዎችህን ከሳጥኑ አወጣሁና ሁሉንም ደግማ እንድታነብልኝ አደረግሁ። «ክፍል» ብለሃል፤ «ኃላፊ» ያልክበት አንድ ቦታ የለም። ኃላፊውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ተካፍለነዋል።

ስለ ጉድጓዶቹ የጻፍከውን ማስረዳት አላስፈለገህም ነበር። አመድ የሚለውን ቃል ስሰማ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ በልቤ አየሁት። መጀመሪያ ሰባተኛው ጉድጓድ ይደርሳል፣ ቀጥሎ አራተኛውና አሥረኛው፤ አሥራ ዘጠነኛው የመጨረሻ ነው። የቆፈርኳቸው እኔ ነኝ፤ ኩሬውን የጠራሁባቸውም እኔ ነኝ።

በማግስቱ አስረጂው ጋ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ያው ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አሁን ብርጭቆ የለበትም። ሚዛን ያዧን ይዣት ስለነበር ቃሉን በጣቷ አሳየችኝ። ያው አንተ ያልከው ነው።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ካርታው ላይ ተጽፏል አባት።»

«ብርጭቆ ነበረበት።»

«እኔ ሆን ብዬ አላስቀመጥኩትም።»

አምኜዋለሁ። ውሸታም አይመስልም፤ ሰው ያልጠየቀውን የማይመልስ ሰው ነው። «እርስዎ ከተዉት ችግር የለም፤ ወደ አናጢው መሬት ይዞራል፣ እሳቸው ጓጉተዋል» አለኝ። ያኔ ነው የራሴ እንቢታ ብቻ ምንም እንደማይጠቅም የገባኝ። ከሱ መሬት ቢፈስ የሚገባው እዚያው ጉድጓድ ነው።

ከዚያ አናጢው ቤት ሄድኩ። ጣሪያ ላይ ነበር። ከታች ሆኜ ጠራሁት።

«ኩሬውን ትቼዋለሁ። አንተም አትውሰደው።»

«አሃ! ለኔ ካልሆነ ለማንም አይሁን ነው?»

«አመድ ነው ሰውዬ። የአመድ ኩሬ ነው።»

«አራት ወር ሙሉ ውሃ ነበረ። ለኔ ሊደርስ ሲል አመድ ሆነ?» ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ ሳቀብኝ። «ማን ነገረህ?»

«የእህቴ ልጅ ጽፎልኛል።»

«ያ የውሃ ኃላፊው? እንግዲያስ ይነበባ! ሰው በተሰበሰበበት፣ ከላይ እስከ ታች ይነበብና እኛም እንስማው።»

ምን እንደጠየቀኝ አላወቀም፤ እኔ ግን አውቄያለሁ። ሁለት ቀን ደብዳቤህን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ እህሉን ይዞ ወፍጮ ቤት በሚሰለፍበት ጠዋት፣ ሞተሩ እንዲጠፋ አደረግሁና ሚዛን ያዧን በረንዳው ላይ አቆምኳት። አላስፈቀድኩህም። ላስፈቅድህ ብል መልስህ የሚደርሰው ሠላሳው ካለፈ ነበር።

«የማንም ኃላፊ አይደለሁም» የሚለው ቦታ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «ቀጥይ» አልኳት። ከሰልፉ ኋላ አንዱ «ውሃ በዘራችን ነው!» ብሎ ድምፄን አስመሰለ። ሳቁ በረንዳውን ሞላው። ቆሜ አስጨረስኳቸው። በሕይወቴ ብዙ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያኛው ጥልቅ ግን አላየሁም። የውሻው ቦታ ሲደርስ ሳቁ ሳሳ። የአሮጊቷ ባልዲ ቦታ ሲደርስ የሚስቅ አልነበረም።

አናጢው ዳር ቆሞ ነበር። አልሳቀም። ተነብቦ ሲያልቅ «ስለ ብረት ክዳኑ ያለውን ድገሚልኝ» አለ። ደገመችለት። የሰባተኛውን ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣው እሱ ነው። እህሉን ሳያስፈጭ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ።

ማታውን በሬን አንኳኳ። አልተቀመጠም። «እኔም አልወስድም» አለኝ። «ግን አንተ ባትነሳ እኔ ወስጄው ነበር፤ ይሄን ለማንም እንዳትናገር።» እሺ አልኩት። ይኸው ተናገርኩ፤ አንተ ሩቅ ስለሆንክ አትቆጠርም።

ነገሩ አልቋል እንዳትል። ጣቢያው አልቀረም፤ እኔም ይቅር አላልኩም። መብራት እፈልጋለሁ። ይህች ብዕር የያዘችዋም ከኔ በላይ ትፈልጋለች፤ ደብዳቤህን ካነበበች ጀምሮ ሁለት ሐሳብ ሆናብኛለች። ሰፈሩም ተከፍሏል። ገሚሱ አመሰገነኝ፤ ገሚሱ «ጉልበታም ወንዶች ሥራ ሊያገኙ ሲሉ ሽማግሌው አበላሸ» ይላል። አስረጂውም «ታዲያ አመዱን የት እንጣለው?» አለኝ። «እሱን ነበር አዳራሽ ሰብስበህ ልትጠይቀን የሚገባህ» አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም።

አንተ ስለ ሥራህ ለኔ ማፈርህን ተው። ማፈርስ ቢሆን እኔ ቀድሜሃለሁ፣ ያውም በአደባባይ። ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ መኪናህን ስንት ዙር እንዳዞርክ ጻፍልኝ። ደግሞ የዚያን ጉድጓድ ጥልቀት ጠይቅልኝ፤ የተበየደውን። እዚያ አፈሩ ምን ዓይነት ነው?

አሁን ለቢሮው የሚገባው ማመልከቻ አለ። አስረጂው በጽሑፍ አምጡ ብሏል፤ ነገ ካንተ ወረቀት ጋር ይገባል። አናጢው እዚህ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን እየጠበቀ ነው፤ እሱ ስሙን መፈረም ይችላል፣ በዚህም እየኮራብኝ ነው። ቃሉ ይህ ነው፤ ለአንተም እንዲቀርህ ሚዛን ያዧ እዚሁ ትጻፈው፦

«እኔ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ በጥቅምት ወር በተደረገው ስብሰባ የአመድ ኩሬውን ወደ ረባዳዬ የጠራሁት በራሴ ጥያቄ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ውሃ መስሎኝ ነበር። የጠየቅኩት ስላላወቅኩ ነው፤ ያላወቅኩት ደግሞ አንድ ቃል ሳይነበብልኝ ስለቀረና እኔም ይነበብልኝ ስላላልኩ ነው። የእህቴ ልጅ የአመድ ኩሬ ላይ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ ቃሉ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ዛሬ አውቄ፣ በዚያው አውራ ጣቴ፣ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። ጎረቤቴ አናጢውም አይቀበልም። በሁለቱም መሬት አመድ ቢፈስ የሚወርደው አሥራ ዘጠኙ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ጉድጓዶቹን የቆፈርኩት እኔ ስለሆንኩ ይህን መመስከር እችላለሁ።»

በቃ። ቀለሙን አምጪና ጣቴን ላድርግ። ቆይ፣ አይ፣ ከዚያ በፊት ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ሁሉንም፣ ቀስ ብለሽ፣ ይሄም ሰውዬ እንዲሰማ። «ውሃ መስሎኝ ነበር» የሚለው ጋ ስትደርሺ እንዳትፈጥኚ።